ያልሞተ ሰው መርዶ

ይድረስ ለአባዬ፤

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ደግሞ ይኼ አራተኛዬ ነው። አንዴ ዶሮዋ ጓዳ ገባች ብዬ ተነሣሁ፤ አንዴ የልብስ ማስጫው ገመድ ላልቷል ብዬ ወጣሁ፤ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እማዬ ‹‹አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?›› ትለኛለች። አዎ፣ አለ። ዛሬ ሳልነግርህ አላድርም።

ዱሲክ አልሞተም አባዬ።

አንተ ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጥክለት፣ እኔ በዚህ አፌ መርዶውን ያረዳሁህ ኮሪያዊ በሕይወት አለ። ባለፈው ወር እዚሁ ቆቦ፣ ግቢያችን ድረስ መጥቶ አንተ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ተቀምጧል። እኔው በእጄ ውሃ ሰጥቼዋለሁ፤ ጠጥቷል።

የቤቱን ወሬ እንኳ አላስቀደምኩልህም፤ አንተ ወሬ ከሥሩ ሲጀመር ነበር የምትወደው። ወንድሜ ሞላ ባጃጅ ገዝቷል፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ሲመላለስ ይውላል፣ ማታ ጎማ ጎማ እየሸተተ ይገባል። በመንገዱ በኩል ያለው አጥር በክረምቱ ወድቆ በቆርቆሮ ተካነው። አንተ ብትኖር ቆርቆሮውን ባየህ ቁጥር ምራቅህን ትተፋ ነበር። የእማዬ ጉልበት እንደዚያው ነው። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እኔም ያው አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ግን ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እንደማዞራቸው ለዳይሬክተሩ ነግረዋል።

አሁን የምታውቀውን ልድገምልህ። ከመጀመሪያው ስደግመው ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ የማገኘው ይመስለኛል።

ኮሪያ በዘመትክበት በዚያ የበረዶ ወራት ከድንኳናችሁ ኋላ ያድር የነበረ ብላቴና ነበር፤ ከራሽንህ እያካፈልክ ክረምቱን አሻገርከው። ያ ብላቴና አድጎ፣ አግብቶ፣ በስንት ዘመኑ በድሮ ጓዶችህ በኩል አፈላልጎ አገኘህ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ደርግ በወደቀ በሁለት በሦስት ዓመቱ ነው። ተማሪ ስለነበርኩ እንግሊዝኛውን እየተንተባተብኩ አነበብኩልህ። ልጁ ዱሲክ የኳስ ተጫዋች ሊሆን መሆኑን ጽፎ ፎቶውን ጨምሮበት ነበር፤ ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ፣ በአንድ እጁ የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ወጣት።

ቤዝቦል የሚሉትን ነገር ለመረዳት ሁለታችንም ስንት ደብዳቤ ፈጀብን! አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል ስልህ ‹‹የገና ጨዋታ ነዋ!›› ብለህ ልትገላገል ነበር። ዱሲክ ግን ስሙ የተጠራው በመምታት አልነበረም። ሥራው መሃል ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፣ የተመታችውን ኳስ ከመሬት ለቅሞ፣ መቺው ሮጦ ሳይደርስ ለጓደኛው መወርወር ነው። ይህን ስነግርህ ፊትህ በራ። ‹‹ጠባቂ ነው በይኛ!›› አልክ። ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ሰው ማለትህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ገባህ፤ እኔን እስከ ዛሬ በቅጡ ያልገባኝ ነገር አንተን ገባህ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቀያሪ ነበር፤ በኋላ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ያቺ የዋንጫ ጨዋታ መጣች። ኳሷ በእግሮቹ መሃል አለፈችው፣ ቡድኑ ተሸነፈ፣ ከተማው በሙሉ ሰደበው። አባቱ ልጄ ከቤት አልወጣ አለኝ ብሎ ጻፈልህ። አንተ ያን ቀን ምሳ እንኳ ሳትበላ ‹‹ጻፊ›› አልከኝ፤ ‹‹እኛ አገር ወፍ አንድ ራስ ማሽላ በላችበት ተብሎ ጠባቂ ከማማ አይወርድም። ነገ ወፏም ትመጣለች፣ እሱም እዚያው ይጠብቃት በይው።›› ጻፍኩ። ዱሲክ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዋንጫ በላ፤ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ተቀዶ ተመለሰ። በየደብዳቤው የመጣውን ፎቶ እኔ ስሰጥህ አንተ ግድግዳው ላይ ትለጥፍ ነበር፤ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል እንኳ ቦታ ጠቦት እስኪገፋ።

ዋጃ የነበረችው አክስቴ ታየች ስትሞት ደግሞ ልብህ ታሟል ብለን ሦስት ወር ደበቅንህ። ስትሰማ ያልከኝን አልረሳውም፤ እህትህ አንተ ሳታለቅስላት አፈር መልበሷ ከሞቷ በልጦ ነበር ያንገበገበህ። ወንጌል አስመትተህ አስማልከኝ፤ ከእንግዲህ የማንንም መርዶ እንዳልደብቅህ። ማልኩ።

ከዚያ ያ ፖስታ መጣ። አባቱ ታሞ ኖሯል፣ ይህን የሰማነው ግን ኋላ ነው፤ ፖስታው እንግሊዝኛ ደብዳቤ የለውም፤ በኮሪያ ፊደል የተሞላ መጽሔትና ስድስት ፎቶ ብቻ። በአንዱ የዱሲክ ትልቅ ምስል ነጭ አበባ ተከምሮበታል። በአንዱ ማሊያው በመስተዋት ተሰቅሏል፤ ለባሽ የለውም። በአንዱ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ሁለት ልጆቿን ይዛ ታለቅሳለች። በመጨረሻው ደግሞ ዱሲክ ሜዳው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጓደኞቹ ቆባቸውን አውልቀው ዙሪያውን ቆመዋል።

አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እኛ ቤት ፎቶ በአበባ የሚከበበው መቼ ነው? ሞላም አየው፣ እማዬም አየችው፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድም አይቶ ‹‹ኢናሊላሂ›› አለ። ሞላ እንደብቀው አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የማልኩትስ? አልኩ። አስተማሪዋ ልጅህ፣ ሁሉን አዋቂዋ!

እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ደጅህን አንኳኳን፤ የንስሐ አባትህ፣ ጋሽ ሰይድ፣ እኔ። በሩን ስትከፍት ሦስታችንን አይተህ ‹‹ማን ነው?›› ብቻ አልክ። ነገርኩህ። አንተም የአባቱን መኖር ጠየቅከኝ፤ አለ ስልህ ‹‹ወይኔ ወንድሜን፣ ምን ይሁን!›› ብለህ ተቀመጥክ። ከዚያ በደርግ ጊዜ ሳጥን ውስጥ የደበቅከውን የዘመቻ ኮትህን አስወጣህ። ሰዉ ከጎብዬ ሳይቀር መጣ። አልቃሿ የማታውቀውን ሰው እንዲህ ብላ አለቀሰችው፦

ስንት የመለሰ ያ ፈጣኑ እጁ፣
ሞት አልመለስ ብሎት ገባበት ከደጁ።

ዕድርተኛው ግን ሌላ ነገር ይንሾካሾክ ነበር፤ ‹‹እዚያ ወልዶት ኖሯል እኮ!›› እየተባለ። እማዬ ሰምታ በንዴት ጦፈች። አንተ ግን ‹‹ልጄ ነው፣ ምን አገባቸው?›› አልክ። እማዬ በዚህ ቃል ስትፈላብህ ነው የከረመችው።

የማጽናኛ ደብዳቤ ልጻፍ ብልህ ከለከልከኝ። ለቅሶ በወረቀት አይደረስም፣ ሰው ይፈለግና ፊት ለፊት ይድረስ አልክ። አዲስ አበባ ላሉት ጓዶችህ አስነገርክ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን ጠፋ። ያን ደብዳቤ ብጽፈው ኖሮ በወሩ እውነቱ ይመጣልን ነበር። በአራተኛው ወር አንተ ሄድክ። ሐኪሙ ልቡ ቀድሞም የደከመ ነበር አለ። ይበል። እኔ የማውቀው ከዚያ ቀን በኋላ ግማሽ እንጀራ እንኳ አንሥተህ እንደማታውቅ ነው።

ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ለዱሲክ አባት ጻፍኩለት፤ አባቴ ዐረፈ፣ ይኼን ጊዜ ከልጅዎ ከዱሲክ ጋር ተገናኝተዋል ብዬ። አባቱ ከሕመሙ ስላልተነሣ ደብዳቤውን ከፍቶ ያነበበው ራሱ ዱሲክ ነው።

እሁድ ነበር። መኪና አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ አንድ ሽበት የጀመረው ረጅም ሰውና አንዲት አስተርጓሚ ወረዱ። እማዬ ፊቱን ከግድግዳው ፎቶዎች ጋር አስተያይታ ሦስት ጊዜ አማተበች። ጋሽ ሰይድ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ ‹‹አላሁ አክበር! እኛ እኮ ቀብረንህ ነበር!›› አለው። አስተርጓሚዋ ይህን አልተረጎመችም። ሰውየው ደብዳቤዬን ከኪሱ አወጣና ያቺን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩን ሸሸሁት። መቃብርህ ዘንድ ወሰድኩት፣ ማሽላውን አሳየሁት፣ ገበያ አዞርኩት፤ እግሬ እስኪያብጥ ዞርን። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጋሽ ሰይድንና እማዬን ይዤ ያደረበት ሆቴል ሄድኩ፤ ለመርዶ ሌላ ሰዓት አላውቅማ። ፎቶዎቹን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞቷል ብዬ እንዳረዳሁህ፣ ሦስት ቀን እንደተቀመጥክለት፣ እያዘንክለት እንደሞትክ።

የተደፋበትን ፎቶ አንሥቶ አየ። አልሞትኩም፣ ጨዋታ ያቆምኩበት ቀን ነው አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የቆመባትን መሬት እየሰገደ መሰናበቱ ነበር። አበባውም፣ የተሰቀለው ማሊያም የስንብቱ ነው። አየህ አባዬ? ዓመቱን ሙሉ የምንሰግድ ሰዎች የሰው ስግደት ብናይ ሬሳ ነው አልን!

ዱሲክ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስንት ቀን እንደተቀመጥክ በድጋሚ ጠየቀኝ፤ በጣቴ አሳየሁት። ፎቶውን አስቀምጦ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚዋም ተረጎመችው። ‹‹ጨዋታ ሳቆም የሞትኩ ያህል ነበር የተሰማኝ፤ ግን አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። በአገሬ አንድ ምሽት አጨበጨቡልኝና ወደየቤታቸው ሄዱ። የተቀመጠልኝ እሱ ብቻ ነው።›› ከዚያ ትልቅ ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዬ ጎኑ ተቀምጣ ጀርባውን እየደባበሰች ‹‹አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ›› አለችው፤ ያቺ በ‹‹ልጄ›› ስትናደድ የከረመች ሴት።

ሰዎች ይኼው፣ እሱ ካመሰገነ አንቺ ምን ያንገበግብሻል ይሉኛል። እሱ ቢያመሰግንም አንተ አልሰማህም። አንተ እያዘንክ ነው የሄድከው፤ ያንን ማንም አያነሣልኝም። ይቅር በለኝ አባዬ። መሐላዬን ጠበቅኩ ብዬ ገደልኩህ ወይስ አልገደልኩህም፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው አስፋልቱን የምመላለሰው፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁም።

አልረሳህም። ይህን ስልህ እንዲሁ በቃል ብቻ አይደለም። ዱሲክ አገሩ ከገባ ጀምሮ በየእሁዱ ይደውላል። አስተርጓሚ ስለሌለን ብዙ አንነጋገርም። ከአማርኛ የያዘው አንድ ቃል ነው፤ ‹‹አለሁ›› ይላል። ጋሽ ሰይድ ነው ያስተማረው፤ ሰዉ እንዳይጠራጠርህ ይህን በል ብሎ። ያን ጠዋት በሩ ላይ ‹‹ማን ነው?›› ብለህ ስትጠይቀኝ ልነግርህ ይገባ የነበረው ይኸው ነበር። አሁን ስልኩን ላቀብልህ አልችልም። ስለዚህ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እሱ ‹‹አለሁ›› ባለ ቁጥር፣ አንተን ሆኜ ‹‹ተመስገን›› እልልሃለሁ።

ልጅህ ዘነቡ