ተቃጥሏል የተባለው ቦርድ

አጵሎስ፣
ቤት ያመጣኸው የኮሌጁ ትንሽ ኮምፒውተር፣ የሊኑክስ ቦርዱ፣ ዋይፋዩ ዛሬ ጠዋት ሥራ መጀመሩን በይፋ አሳውቅሃለሁ።

አልተቃጠለም። ከፋብሪካ ሲመጣ ዋይፋዩ ዝግ ነው፤ ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ቀይሬ ሪስታርት አደረግኩት። የዋይፋዩንም ስም ለክብርህ «አጵሎስ» አልኩት።

የላብ ሠራተኛዋ ሐዳሳ ውኃ አፍስሳ አቃጠለችው ብለህ ለኮሌጁ ዲን ስትጽፍ፣ እኔም ምስክር ብዬ ፈርሜያለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው።

አንተ እንደወጣህ ሐዳሳ ከሥራ እንዳትባረር ሽማግሌ ይዛ ቤታችን መጣች። አጎቷ ጋሽ ተገኘ ከሺንሺቾ ድረስ መጥተው «ልጃችን አጥፍታለች፣ ማሯት» እያሉ ስልካቸውን አዩ።
«አጵሎስ የሚል ዋይፋይ መጣብኝ፤ የማነው?»

ሐዳሳ ጠረጴዛው ላይ የሚያበራውን ቦርድ አየችና አንስታ ታቀፈችው። ወደ ዲኑ እየሄዱ ነው።
እኔም አብሬያቸው ወጣሁ።