አቶ ገብረወልድ ወልደጻድቅ ሳይመልሱት የቀረው ጥያቄ

አቶ ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች ኃይሌ በ1917 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ተወለዱ። ድሬዳዋ መጥተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በባቡር ጥገና ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1972 ዓ.ም. አገልግለዋል። በ1953 ዓ.ም. ከወይዘሮ የኔነሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሣህሉንና ሰርካዲስን አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞች ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ መሆኑን ነገሯቸው። ያን ጊዜም ዝምታ አብዝተው ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. ሣህሉ ለብሔራዊ ውትድርና ሁርሶ ማሠልጠኛ ሲገባ ግን ምግብም ሰውም ጠሉ።

በ1977 ዓ.ም. በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት ነው ተብሎ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ ተወካይ ጋር ቤታቸው መጡ። እንዲህ የሚንቀጠቀጡ ሕሙማን መንፈሳቸውም ይታመም እንደሆነ እናጣራለን አሉ። ሕዝብ በተራበበት ዓመት ለአንድ ጡረተኛ ሐዘን በጀት መመደቡን ባለቤታቸው አላመኑም። "ሆድ ይብስዎታል? መኖር ያስጠላዎታል?" ተብለው ሲጠየቁ፣ አቶ ገብረወልድ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወይዘሮ የኔነሽ ቀድመው "ኧረ ምንም አይላቸውም፣ ደስተኛ ናቸው" አሉ። ልጁ በመወሰዱ ከፍቶታል ተብሎ እንዳይጻፍ ፈርተው ነው። ወረቀቱ ከጠያቂዎቹ እጅ ወጥቶ የት እንደሚደርስ የነገራቸው አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

የሥራ ባልደረባቸው አቶ ሞሐሙድ አብሺር በየሳምንቱ ጢማቸውን ሊላጩላቸው ሲመጡ፣ አቶ ገብረወልድ "እጄን መዘገቡት፣ እኔን የኔነሽ ደበቀችኝ" ይሏቸው ነበር። አቶ ሞሐሙድም "ገብሬ፣ ምላጭ ይዣለሁ፣ አታስቀኝ" ይሉ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ሐዘኑ ራሱ የበሽታው አካል ሊሆን እንደሚችልና መድኃኒት እንዳለው አስረዱ። መድኃኒቱን ጀምረው ለአራት ወር ያህል እስከ ቀፊራ ገበያ እየወጡ ከሰው ጋር ሲጨዋወቱ ታዩ። ከዚያም ሳንባቸውን ታመው ጥር 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውና ልጃቸው ሰርካዲስ በሕይወት አሉ። ከሣህሉ ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም ከሞቱት ጋር አይቆጠርም።

እዚህ ለቀስተኛው መሀል ማን ማን እንደሚሰማ ባይታወቅም፣ ባለቤታቸው ይህ እንዲነበብ ፈቅደዋል፦ ለጥናቱ የተሰጠው መልስ ትክክል አልነበረም። አቶ ገብረወልድ ደስተኛ አልነበሩም፤ መንፈሳቸውም ታሞ ነበር። መልሱን ከራሳቸው አፍ መስማት ይገባ ነበር። ስምንት ዓመት ከታመመ ሥጋ ጋር የደከመችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።