የጎደሉኝ ሁለት አጥንቶች

ኅዳር 24፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬም 204። ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ 204። መጽሐፉ መግቢያው ላይ የሰው አጥንት 206 ነው ይላል። ሁለቱ የት ገቡ? ምስጥ ሆድ ውስጥ ናቸው፣ ደብተሬ! የደረትና የትከሻው ገጽ ወንፊት ሆኗል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ያችን መርጦ! ር/መምህሩን ሌላ ቅጂ ብላቸው ሳቁብኝ። ጂምናስቲክ የሚያሠለጥን አጥንት ይወቅ ተብሏል፤ ፈተናው ታኅሣሥ 20፣ አ.አ.። ካለፍኩ እዚያው እዛወራለሁ። ከወደቅኩ አራተኛ ዓመት አዋሽ። አራተኛ! ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀለሙ ይሟሟል።

ኅዳር 26

ሰው ቢጠፋ ፍየል አለ። ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት የአንዲት ፍየል ሙሉ አጥንት በከረጢት አመጣሁ። እንዲጠራ ጣድኩት። ዞር ስል አከራዬ ወ/ሮ ዘነበች ክዳኑን ከፍተዋል። በጾመ ነቢያት! ያውም የሙስሊም ሥጋ! ለትምህርት ነው ብል ማን ይስማኝ። አማተቡ፣ ድስቱን ከነአጥንቱ ደጅ ደፉት። ውሾች መጡ። በባዶ እግሬ አባረርኳቸው፤ አንዱ የቀኝ የኋላ እግሯን ይዞ በሐዲዱ በኩል ጠፋ። የሚሰጡኝ ምሳ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ለንስሐ አባቴም ይነገራል። እንግዲህ ምን አባቴ ላድርግ?

ኅዳር 28፣ ጠዋት

206!!

የፍየሏ ጎድን በየጎኑ 13 ነው። እኔ 12 ብዬ ነበር የያዝኩት። በየጎኑ አንድ ጨመርኩ፤ ሞላ! ምስጥም ወ/ሮ ዘነበችም አላሸነፉኝም። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ሠራሁ። ቆንጆ ነው።

ታኅሣሥ 3

ሥዕሉን ለጂምናስቲክ ቡድኑ አሳየሁ። ዓሊ ነገር ፈለገኝ። ዓሊ የጣቢያው ኩሊ ነው፣ እኩያዬ፣ የቡድኑ አንደኛ። ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደውን እየነካ ይህስ ምንድን ነው አለኝ። ሥዕሉ ላይ የለም። ፍየሏም የላትም። ጅማት ነው አልኩት። ይጠነክራል እኮ አለ። ሸክም ያጠነከረው ጅማት ነው አልኩ፣ በቁጣ። ሁሉም አስተማሪ ሆነ!

ታኅሣሥ 11

ዓሊ ከአግዳሚው ብረት ወደቀ፣ በትከሻው። ያ “ጅማት” አብጧል። በቅባት አሸሁት። ጥርሱን ነከሰ። ጅማት እንዲፍታታ ብዬ እንደገና ብረቱ ላይ አንጠለጠልኩት። ጮኸ። ዓሊ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 13

ወጌሻዋ እማማ ዘሀራ ዘንድ ወሰድኩት። በሁለት ጣት ነካ አደረጉት፣ ፊታቸው ተለወጠ። “ማነው ይህን ያሸው? ወላሂ፣ ጠላቱ ነው!” አሉ። ዓሊ ስሜን አልጠራም። እኔ ነኝ አልኩ።

አጥንት ነው። ተሰብሯል፤ ሳሸው ደግሞ ጫፍና ጫፉ ተላልፏል። ጅማት መስሎኝ አልኩ። ጣቴን ይዘው የራሴን አስነኩኝ፣ በግራም በቀኝም። ሁለት። ሃያ ስድስት ዓመት በትከሻዬ ይዤው ስዞር! ፍየል በየጎኑ አሥራ ሦስት ጎድን ቢኖራት የሰው ምን አገባው? ደደብ። ደደብ። ቁጥሩ ስለሞላልኝ ደስ ብሎኝ የራሴን ደረት እንኳ አልዳሰስኩም።

አርባ ቀን ሸክም የለም። ክንዱ እንደ ድሮው ወደ ላይ መውጣቱን አላህ ያውቃል አሉ። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

ታኅሣሥ 16

ሌላ ጣጣ። ኩሊዎቹ በተራ ነው የሚሠሩት። ተራው ለአንድ ሳምንት ባዶ የዋለበት ሰው ቦታውን ያጣል፤ ከውጭ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ተተኪ ሰው ካቆመ ግን ይጠበቅለታል። የዓሊ ወንድም ጥጥ እርሻው ላይ ነው፣ ለቀማ ነው፣ አይለቁትም። ሌላ ዘመድ የለውም። ዓሊን ልጠይቀው ሄድኩ። አንተ ፈተናህን ተፈተን መምህር፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አሁን 206ቱንም በትክክል አውቃለሁ። በቃሌ። ነገ ባቡሩ ላይ ብወጣ አልፋለሁ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ!

የኩሊዎቹን አለቃ በዓሊ ቦታ እኔ ልቁም አልኩት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። የፈተና ፈቃዴ አምስት ቀን ነው፤ እነዚያን ሙሉ ቀን፣ ከዚያ እስከ አርባው ከትምህርት በኋላ የሚገባውን ባቡር ብቻ፤ ገቢው ለዓሊ። ተስማማ። ር/መምህሩ አበድክ ወይ አሉኝ። የመንግሥት አስተማሪ ሻንጣ ተሸክሞ! ለከርሞም ፈተና መኖሩን ማንም ቃል አይገባልህም አሉ። አውቃለሁ አልኩ።

ነገ 4 ሰ. ባቡሩ ይገባል። አንድ ከገዋኔ ከተማ የሚመጣ መምህር ለዚያው ፈተና ከዚህ ይሳፈራል፤ ሦስት ሻንጣ አለው አሉ። የምጭንለት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ያዩኛል።

ይዩኝ።