የይመኙሻል ሕመም የጀመረበት ቀን

ይድረስ ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ፣ ለጤና ጣቢያችን ሹም፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ መሪጌታ ገብረየሱስ፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም፣ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ ይመኙሻል ግን አልጋ ላይ ናት። ከወንበርዎ ፈጥነው ተነሥተው በር እንዲዘጉብን ጉልበት የሰጠዎ አምላክ ጉልበትዎን አይንሳዎ። አገር እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቅጽዎ አመሰግናለሁ። «በሽታው የጀመረበት ቀን» የሚለው ካልተሞላ ወደ አዲስ አበባ መላኪያ ወረቀት አይጻፍም ብለው ሦስት ጊዜ መለሱን። የማውቀውን ነገርኩዎ፤ በ፲፱፻፶፪ ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ በእግሯ ሄደች፣ በዓመቱ በምርኩዝ፣ በሦስተኛው በበቅሎ፣ በአራተኛው ከቤት ቀረች፤ ሱፍ ስትፈትልም እንዝርቱ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ድንገት የጣላት ቀን የለም፤ የተሻላትም ቀን የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእርሷ እግር ግን ቀስ በቀስ ቀረ። እርስዎ ይህ ቀን አይባልም አሉኝ። ደግ! ባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ ለደብሩ ጾምና በዓል የማወጣው ሰውዬ ቀን አታውቅም ተባልኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጀሶዎ። በአራተኛው ምልልስ ዘበኛዎ መከረኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኅዳር ፳ ወደቀች ብዬ ዋሸሁ። ቅጽዎ ጠገበ። ከወደቀች ተሰብራለች ብለው ደኅናውን አጥንቷን በጀሶ ጠቅልለው ሁለት ወር አስተኙልኝ። ጀሶው ሲፈታ፣ ቤት ውስጥ በምርኩዝ ትቆም የነበረችው ሴት መቆም አቃታት። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። የእርስዎ የንስሐ አባትስ ማን ናቸው?

ሦስተኛ፤ በግንቦት ለክትባት የመጣው ሐኪም ግማሽ ቀን ተቀምጦ ንግሥ በንግሥ ሲጠይቀኝ ዋለ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ በሽታ፣ ያውም ቀስ እያለ የሚብሰው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም አለን፤ ይህ የሚታወቀው በጀመረበት ቀን ሳይሆን ከዓመት ዓመት በመባሱ ነው አለ። ከጀርባዋ አጥንት በመርፌ ውሃ ቀድተው እንዲመረምሯት ወደ አዲስ አበባ ይላኩልን ብሎ የጻፈልዎትን ወረቀት በሽታው የጀመረበት ቀን የለውም ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። መድኃኒት እናገኛለን ብለን አልነበረም። ጎረቤት መተት ነው ሲላት፣ እርስዎም ስንፍና ነው ሲሏት አራት ዓመት የሰማች ሴት የሕመሟን ስም አረጋግጣ ማወቅ ፈለገች። ይህን መከልከልዎ አንጀቴን አቃጥሎታል፤ አልደብቅዎም።

በሰማይ ደጅ ቅጽ ሳይጠየቁ እንዲገቡ የምጸልይልዎ፣
መሪጌታ ገብረየሱስ
መንዝ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የተረሳ፦ ቅጽዎ ያለ ቀን አያድርምና አንድ የማልጠራጠርበት ቀን ልስጥዎ። ሕመሟ የጀመረበትን አላውቅም። መቆም ያቃታት ግን ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ነው፤ በእርስዎ ጤና ጣቢያ፣ በእርስዎ ጀሶ። እባክዎ ይሙሉት።