ከአቃቂ ጣቢያ የወጀብ እምብርት ፍለጋ

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ከአቃቂ እስከ ጂቡቲ የሚነፍስ ነፋስ ሁሉ ሪፖርት የሚያደርገው ለእኔ ለኦላና ነው! ... እሺ፣ ነፋሱ ራሱ አይደለም። የአራት ጣቢያ ስልክ ጠባቂዎች ናቸው። እነሱም ስለለመንኳቸው ነው። ግን ለምኖ ማግኘትስ የዋዛ ነው?

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ሦስት ሳምንቴ። ሐዲድ ቀያሪ ነበርኩ፤ አሁን የጣቢያው ስልክ ጠባቂ ነኝ። ከየጣቢያው የመጣውን ቃል መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። የጣቢያው ሹም አቶ ገብረጻድቅ "ይሄ ጽሕፈት ነው የዶሮ ጭረት?" ይሉኛል። ዶሮ ይህን ከጻፈች ይቅጠሯታ!

ጠዋት የድሬዳዋው ሰው "ጂቡቲ ባሕር ላይ ወጀብ አለ አሉ። ደካማ ነው። እምብርቱ የት እንደሆነ ግን በቅጡ የሚያውቅ የለም" አለኝ።

የሚያውቅ የለም? ሚስቴ ዳሲቱ እኮ አይሻ ናት። ስምንት ወር ያለፈው ሆድ ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ... ሐሙስ በባቡር ልትመለስ ነው። ከአይሻ ወዲህ ያሉት ደረቅ ወንዞች ዝናብ ካገኙ ሐዲዱን ከሥሩ ነው የሚበሉት። ባቡሩ በረሃ መሀል ቢቆምስ? ምጥ ቀጠሮ አያከብርም።

የሚያውቅ ከሌለ እኔ አውቀዋለሁ።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ሥራ ሳይገቡ መምህርት አስቴርን ቤታቸው አገኘኋቸው። ማታ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ።

"ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ። ግራ እጅዎን ይዘርጉ። እምብርቱ በዚያ በኩል ነው።"

ይኸው ነው? ይኸው ነው! ከብዙ ቦታ ከተሰበሰበ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። "ግን አቶ ኦላና፣ ይሄኛው የተበታተነ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። አይመኑት።"

ጣቢያው በር ላይ ሞከርኩት። ግራ እጄ ሳሪስ አቦን አሳየኝ። ሐዲድ ቀያሪው ጉተማ አየኝና "ኦላና ታክሲ እያስቆመ ነው! ቆሞ የሚወስደው የለም እንጂ" አለ። ይሳቅ። ደጋ ላይ ተራራው ነፋሱን ያጣምመዋል ብለውኛል፤ የሚታመነው የቆላው ነው።

አራቱን ጣቢያ ደወልኩ። ደወሌ፦ ደቡብ። አይሻ፦ ደቡብ። አዲጋላ፦ ደቡብ ምሥራቅ። ድሬዳዋ... የድሬዳዋው ሰው "አቧራው ይዞራል" ብቻ ነው ያለኝ። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሐዲዱን ሣልኩ፣ ጀርባዬን ለየነፋሱ ሰጠሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ አሰመርኩ። መስመሮቹ አልተገናኙም። አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ...

"ሦስት እምብርት ያለው ፍጥረት!" አለ ጉተማ። "ለእናቱ ንገራት።"

ግን አንድ ነገር አየሁ። ሁሉም ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ነው የሚያዘነብሉት። ስለዚህ ወጀቡ ሐዲዱን ተሻግሮ ደናክል በረሃ ገብቷል። አልፏል!

አይሻ ደወልኩ። የስልክ ጠባቂው ኦልጅራ ዳሲቱን አስጠራልኝ። መስመሩ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። ይስማ! "ዳሲቱ፣ ሐሙስ ያለ ሥጋት ነይ። ወጀቡን አግኝቼዋለሁ። አልፏል!" አልኩ። ከደወሌ እስከ ሞጆ ሰምቶኛል።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ወይ ጉድ።

ከሥራ ስወጣ ወረቀቱን ለመምህርት አስቴር ወሰድኩ። ምስጋና ልቀበል ነበር አካሄዴ። ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

"አይሻ ላይ ከደቡብ ነው የሚነፍሰው?"

"ደቡብ አሉኝ።"

"ከደቡብ ነው ወደ ደቡብ?"

"ወደ ደቡብ ነዋ! ከየት እንደመጣ ማወቅ ለማን ይጠቅማል? እኛ የምንጠይቀው ወዴት እንደሚሄድ..."

እዚያ ላይ ነው የገባኝ።

የምድር ባቡር ሰው ነፋስን በመድረሻው ነው የሚጠራው። ባቡሩ እንጨት ይበላ በነበረበት ጊዜ ፍንጣሪው የማን ጭድ ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ነበረበት። ከየት መጣ ብሎ ማን ይጠይቃል? ዛሬ ባቡሩ በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ ልማዱ ግን ቀረ። እኔ ደግሞ "ደቡብ" ሲሉኝ ጀርባዬን ለደቡብ ሰጠሁ። መስጠት የነበረብኝ ለሰሜን ነው።

ወረቀቱን ገልብጠን እንደገና አሰመርን። የደወሌ ወደ ምሥራቅ። የአይሻም ወደ ምሥራቅ። የአዲጋላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ሦስቱ ተቀራረቡ... ባሕሩ ላይ። አላለፈም! ገና እየመጣ ነው።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ መምህርት አስቴር። "እንዲህ ያለ ደካማ ነገር ባሕሩ ላይ ሊሞትም ይችላል። ሚስትዎ ግን አይሳፈሩ።"

ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። የአይሻ ስልክ ተዘግቷል። እስኪነጋ አይከፈትም።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ስልኩ ላይ ነበርኩ። አይሻ የተነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ባቡሩ ጣቢያው ገብቷል፤ ፉጨቱ ይሰማኛል። ኦልጅራ ጠራልኝ። ጓዟን አስጭናለች።

መስመሩ ላይ የስንቱ ትንፋሽ ይሰማል! ማክሰኞ ጉራዬን የሰሙ ሁሉ። ሳልንተባተብ "ዳሲቱ፣ ተሳስቻለሁ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አልፏል ያልኩሽ አላለፈም። አትሳፈሪ" አልኳት።

"ማክሰኞ ነይ፣ ሐሙስ አትምጪ! የተበታተነው ነፋሱ ነው አንተ?"

አንዱ ጣቢያ ላይ ሳቁ። የአዋሹ ይመስለኛል።

"እርግጠኛ ነህ?" አለች።

"አይደለሁም። ግን ውረጂ።"

ከዚያ ቋ... ቋ... መስመሩ ተቆረጠ።

ወረደች? ሰምታኛለች? "ውረጂ" የምትለዋ ቃል ደርሳት ይሆን?

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ባቡሩ አዲጋላ አልደረሰም። የአይሻ ስልክ አይሠራም።

ጉተማ ዛሬ አልቀለደም። ምሳውን ከፍሎ ሰጠኝ። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

ከዳሲቱ ወሬ የለም። አቶ ገብረጻድቅ "ቤትህ ሂድ" አሉኝ። አልሄድኩም። "እንግዲያው ቁጭ በል፤ ስልኩን ግን በየደቂቃው አታንሳው፣ ታበላሸዋለህ" አሉ። ከዚያ እሳቸውም በየደቂቃው ያነሱት ጀመር።

ግንቦት 14፣ እሑድ

ሠራ!

"ኦላና፣ እኔ ነኝ ኦልጅራ። ሚስትህ እናቷ ቤት ናት። ጓዟ ነው በባቡሩ የሄደው። ብርድ ልብሷን እንድትልክላት ብላለች።"

የብርድ ልብሱን ነገር መዝገቡ ላይ አሰፈርኩ። ከጣቢያ የመጣ ቃል ነዋ!

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ከሐዲዱ ሥር አርባ ሜትር አፈር ጠርጎ ወስዷል። ባቡሩ በሁለት ወንዝ መሀል ቀን ተኩል ቆሟል። የሞተ የለም። ግን ጎርፍ አጠገብ ተቀምጠው የሚጠጣ ውሃ አጥተው ነበር አሉ። እዚያ መሀል ዳሲቱ ብትኖርስ?...

መምህርት አስቴርን ጠየቅኳቸው። ወጀቡ የብስ ሳይነካ ባሕሩ ላይ ፈርሷል፤ ያዘነበው የጭራው ደመና ነው። "እምብርቱን አልያዝነውም አቶ ኦላና።" አልያዝነውም? ጭራውን ይዘናል! ላምም ብትሆን እኮ የሚያዘው ጭራዋ ነው። ... እሺ፣ ቀንዷም ይያዛል።

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

ዳሲቱ ከመጣች አምስት ቀን። ልጃችን አያቷ ቤት፣ አይሻ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተወለደች። ሴት ናት። ጩኸቷ እስከ ኮዬ ፈጬ ይሰማል... እሺ፣ እስከ ጉተማ ቤት።

አሁን በየጠዋቱ ጣቢያዎቹ የነፋሱን መነሻ ይነግሩኛል። "ከሰሜን" ይላል ኦልጅራ፤ "ከ" የምትለዋን ረግጦ ነው የሚላት፣ ሊያናድደኝ። የአዋሹ ደግሞ "ጭድህ የት ነው?" ይላል። አቶ ገብረጻድቅ ለነፋሱ የራሱን መዝገብ ሰጥተውኛል። ጽሕፈቴን ዛሬ ዶሮ አላሉትም።

ዳሲቱ ፊደል ጀምራለች። እኔ ነኝ የማስቆጥራት። ከእኔ ትፈጥናለች፤ ይህን ለጉተማ አልነግረውም። ትናንት ይህን ደብተር አንስታ "ምንድነው የጻፍከው?" አለች። ገና "መ" ላይ ናት፤ ለመስከረም ግን ሁሉንም ታነባለች። ግንቦት 11ን ስታነብ ደግሞ እኔን ነው የምታየኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ላርመው።

ሌላው ሁሉ እውነት ነው። "ሳልንተባተብ ተሳስቻለሁ አልኳት" ያልኩት ግን ውሸት ነው። በዚያ የጋራ መስመር ላይ መጀመሪያ ያልኩት "ኦልጅራ ነው ገልብጦ ነግሮ ያሳሳተኝ" ነበር።

"ኦልጅራ አጠገቤ ቆሟል" አለች። "ላቅርብልህ?"

ማዳመጫውን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። ባቡሩ አፏጨ።

"ኦላና፣ ልሳፈር ነው። ማነው የተሳሳተው?"

"እ... እኔ" አልኩ።