አርባ አራት ቁጥር ጫማ

እህት ዓለም፣

ዛሬ ተረኛ ስለሆንኩ ሳልቀሰቅስሽ ወደ ክሊኒኩ ሄጃለሁ። ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ።

ጫማውን አትፈልጊው። ደረጃው ላይ የሚውሉት ጎረምሶች "እዚህ ቤት ወንድ አለ" ብለው እንዲፈሩን በራችን ላይ ያስቀመጥነው አርባ አራት ቁጥር ጫማ ተሰርቋል። ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ረጅሙ ልጅ ተጫምቶት ተቀምጧል። ልክክ ብሎለታል! "እንዴት አደርሽ፣ እናት" ብሎ እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ "ባልሽ ጫማውን ለልጁ ሰጠው? እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!" አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያመነበትን ባል ያላመኑበት ሌቦቹ ብቻ ናቸው። እንግዲህ በባዶ እግሩ ይጠብቀን።

አናጢው ከሰዓት ሁለተኛ መቀርቀሪያ ሊገጥምልን ይመጣል። ድምፁን ለይተሽ ክፈቺለት።

ትናንት ጃንጥላሽን ነጥቀው ደረጃው ላይ ሲቀባበሉት ጮኸሽ ጮኸሽ ስትገቢ፣ "አንድ ጎረቤት እንኳ በሩን ከፍቶ ብቅ አይልም? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!" አልሽ። እኔም አብሬሽ ረገምኳቸው። "አንቺስ አልሰማሽኝም?" ስትዪኝ፣ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር አልኩሽ።

ስትወጪ የሬዲዮውን ባትሪ ግዢ።

ካለቀ ሳምንት አልፎታል።