በቁመቴ ልክ የቆመው ሶላር

ለእናቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ያልሽው ለቀቀሽ ወይ? የባልሽ ሳልስ ተወው? ልጆቹስ እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴ እንጂ አፌ አላረጀም። ሚስቴም ደህና ናት፤ እኔን መቆጣት ያልሰለቻት ከጤንነቷ ነው።

ጽሕፈቱ የሶላር ገጣሚው፣ ከፀሐይ መብራት የሚያወጣውን ሰሌዳ የተከለልኝ ባለሙያ ነው፤ ቃሉ የእኔ። ከዚህ በታች እሱን ስለምሰድበው አንዳች ሳያስቀር እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

የአባታችንን መሬት እንሽጠው፣ ውሃው ከራቀ ምን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ወደ እኔ ና ያልሽው ደርሶኛል። አልፈርድብሽም። ባለፈው በጋ ቲማቲሙ ግንዱ ላይ እንዳለ ሲቀቀል የእኔም ልብ ሸፍቶ ነበር። የናፍጣው ፓምፕ ከውሃው ጭሱ ይበዛል። ጉድጓዱ ውስጥ ባልዲ ስጥል፣ ውሃ መንካቱን ለመስማት ትንፋሼን ውጬ ነበር የምቆመው።

ያኔ ነው ይሄ ገጣሚ መጥቶ፣ መሬትህ ላይ ለከተማው የሚሆን ሶላር እንትከል፣ ያንተንም ፓምፕ ያዞርልሃል ያለኝ። አንቺን ሳላማክር እሺ አልኩ፤ ታላቅሽ ነኝ። እሱ እንደ ጎረቤታችን እንደ ወፍጮ ቤቱ ጌታ ሶላር በጉልበት ቁመት ሊዘረጋው ነበር። በአባቴ መሬት ተጎንብሼ አልሄድም፣ ቅርጫት ተሸክሜ ቀጥ ብዬ ካላለፍኩበት ብረትህን ሰብስብ አልኩት። ብረት ይፈጃል፣ ነፋስ ይገፋዋል እያለ ሲለፈልፍ ዋለ። ግትር ሽማግሌ አለኝ። እኔም የቁራ ልጅ አልኩት፤ ይህን ሲጽፍ ይስቃል። በመጨረሻ ከራሴ በላይ አቆመው። ታዲያ ወንድሜ አዋቂ ነው ብለሽ እንዳታወሪ፤ ኩራት እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

ሥሩ ሰላጣና ቆስጣ ዘራሁ። ፀሐይ የተሰረቀበት ዘር ምን ሊሆን ነው እያልኩ፣ በእልህ። ሐሩሩ መጣ፣ ሜዳው ጋለ፣ ወፍ እንኳ ጠፋ። በሶላሩ ሥር ግን ጠዋት ያጠጣሁት አፈር እስከ ማታ እርጥብ ነው። የምለቀው ውሃ የድሮውን ግማሽ አይሞላም፣ ቆስጣው የዝሆን ጆሮ አክሏል።

ያልጠበቅነው ደግሞ ከላይ መጣ። ሶላር ሲግል እንደ ሰው ይሰንፋል አሉ። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ደረቅ ጠጠር ላይ የዘረጋው እኩለ ቀን ላይ ይደክማል። የእኔን ግን ቅጠሉ ከሥር እየተነፈሰ፣ ነፋሱም እያለፈ ያበርደዋል። ገጣሚው የመብራቱን መለኪያ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ቆቡን አወለቀ። ላዩ ታቹን ያለብሳል፣ ታቹ ላዩን ያበርዳል። ይህን ያህል ኖሬ፣ ሁለት ነገር እንዲህ ሲተሳሰብ ያየሁት ባልና ሚስት መካከል እንኳ ጥቂት ነው።

ሁሉም ማር ነው አልልሽም። ፓምፑ ናፍጣ አይጠጣም ብዬ ቀኑን ሙሉ ለቀቅኩት፤ ጉድጓዱ ጭቃ ተፋ። ሚስቴ መጣችና «ፀሐይዋ በነፃ ብትሰጥህ ውሃውም በነፃ መሰለህ?» ብላ አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ጠዋት ጥቂት ታዞራለች፤ የቀረው መብራት ወደ ከተማው ይሄዳል። ውሃውም ተመልሷል፤ ባልዲው ሲያርፍ ይሰማኛል።

ስለዚህ እኔ መሬቱን ትቼ አልመጣም፣ አንቺም ድርሻሽን አትሽጪ። ትናንት በቀትር ሥሩ ገባሁ። ማንም ሳያስገድደኝ ጎንበስ አልኩ፣ ተንበረከክኩም፣ አፈሩን ጨበጥኩት። ቀዝቃዛ ነው። አባታችን ጉድጓዱን ሲቆፍር እርጥብ አፈር ያወጣ ቀን፣ አንቺ ፊትሽን የቀባሽበት፣ ያ አፈር ነው።

ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ። ትንሹን፣ ቆስጣ አልበላም የሚለውን፣ አጎትህ ጠብቀኝ ብሎሃል በይልኝ። ሚስቴ ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ ያዢው ትላለች። ገጣሚውም ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። ባልሽን አክብሬ ሰላም ብዬዋለሁ፤ እሱ ከእኔ ይረዝማል፣ ግን አይስጋ፣ በሶላሩ ሥር ቆቡን እንዳደረገ ያልፋል። ለካሁት።

ታላቅ ወንድምሽ

ከአባታችን መሬት፣ ከሶላሩ ጥላ ሥር
በሐሩሩ ወር ማብቂያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ